ገጹ ረዘመ እንጂ አልተሻለም
የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

በዚህ እትም የመረጥናቸው ጥያቄዎች በሙሉ በጎ ፈቃደኞች ተባብረው በኢንተርኔት ላይ የሚያዘጋጁትን የከተማ የጉዞ መመሪያ የሚመለከቱ ናቸው። አብዛኞቹ ጠያቂዎቻችን የሚሳተፉት ማንም ሰው ገብቶ ሊያርመው በሚችለው በዊኪቮያጅ ላይ በመሆኑ፣ መልሶቹም በዋናነት የዚያን አሠራር ይከተላሉ። ደብዳቤዎቹን ለቦታ ቁጠባ ስንል አሳጥረናቸዋል።

ጥያቄ፦ የተከበሩ የዓምዱ አዘጋጅ፣ በአንድ ከተማ የምንኖር ጓደኛሞች ተሰባስበን የከተማችንን የጉዞ መመሪያ ለማሻሻል ከተነሣን ወራት አልፈዋል። እያንዳንዳችን የምናውቀውን ስንጨምርበት ገጹ ከእጥፍ በላይ ረዘመ፤ ይሁን እንጂ ከሌላ አገር የመጣ አንድ እንግዳ አንብቦት «ከሆቴል ዝርዝር በቀር የጠቀመኝ ነገር የለም» አለን። ምኑ ላይ ነው የተሳሳትነው?

መልስ፦ እንግዳችሁ እውነቱን ነግሯችኋል፤ ጉድለቱ ግን ከእውቀት ማነስ የመጣ አይደለም። ብዙ እጅ በሚገባበት ሥራ ለመጨመር ሁሉም ፈጣን ነው፤ ሌላው የጻፈውን ለመቀነስ ግን ቅሬታ ይፈጠራል በሚል ሥጋት ማንም አይደፍርም። ስለዚህ ገጹ ዕቃ ሲገባበት እንጂ ሲወጣበት የማይታይ መጋዘን ይሆናል።

የመጀመሪያው ሥራችሁ ገጹን ከላይ እስከ ታች፣ ከተማውን ፈጽሞ በማያውቅ ሰው ዓይን ማንበብ ይሁን። ሰውየው ምሽት ላይ መናኸሪያ ደርሷል እንበል፤ ሻንጣ ይዟል፤ የስልኩ ባትሪም እያለቀ ነው። ወደ መሀል ከተማ የሚወስደው አውቶቡስ ከየትኛው በር ፊት ለፊት እንደሚቆም፣ የመጨረሻው ስንት ሰዓት ላይ እንደሚነሣ፣ ሒሳቡ ከመሳፈር በፊት ይከፈል ወይስ ከተሳፈሩ በኋላ፣ ገጻችሁ ይነግረዋል? ነዋሪዎች የሚጽፏቸው መመሪያዎች አብዛኛውን ጊዜ የሚጎድላቸው ይኸው ነው፤ በየቀኑ የምናደርገውን ነገር መረጃ ነው ብለን ስለማንቆጥር ሳንጽፈው እናልፋለን። የዊኪቮያጅ የከተማ ገጽ አወቃቀር ግን የተቀረጸው በተጓዡ ቅደም ተከተል ነው። በመጀመሪያ ስለ ከተማው አጠቃላይ ገለጻ ይሰጣል፤ ከዚያ ወደ ከተማው እንዴት እንደሚገባና ከተገባ በኋላ እንዴት መዘዋወር እንደሚቻል፣ ቀጥሎም ምን እንደሚታይና ምን እንደሚሠራ፣ የት እንደሚገበዩ፣ እንደሚበሉ፣ እንደሚጠጡና እንደሚያድሩ ያብራራል፤ በመጨረሻም ስለ ጥንቃቄና ከዚያ ወዴት መቀጠል እንደሚቻል ይናገራል። የመግቢያውና የመዘዋወሪያው ክፍል በሦስት መስመር ታልፎ የሆቴሉ ክፍል ብቻ ከተንዛዛ፣ የእንግዳችሁ ቅሬታ ከዚያ እንደመጣ ዕወቁ።

ሁለተኛው ሥራ መቀነስ ነው። በዊኪቮያጅ ማኅበረሰብ ዘንድ የተለመደው መለኪያ በአንድ ዝርዝር ውስጥ ከአምስት እስከ ዘጠኝ የሚደርሱ ነገሮች ቢኖሩ ይመረጣል የሚል ነው፤ ሠላሳ ሆቴሎች በአንድ ረድፍ የተደረደሩለት አንባቢ ምርጫ ተሰጠው አይባልም፤ የቤት ሥራ ነው የተሰጠው። ዝርዝሩ ከመጠን ካለፈ በዋጋ ደረጃ ይከፈላል፤ ከተማው በጣም ሰፊ ከሆነ ደግሞ ገጹ ራሱ በሰፈር በሰፈር ይከፋፈልና በዋናው ገጽ ላይ አጠቃላይ መግለጫው ብቻ ይቀራል። ክፍፍሉ የግድ የአስተዳደር ወሰንን መከተል የለበትም፤ ወንዝ፣ የባቡር ሐዲድ ወይም አንድ ሰፊ አውራ ጎዳና ለእንግዳ ዓይን የበለጠ ግልጽ ነው። ዋናው ነገር እያንዳንዱ የከተማው ክፍል በአንድ ገጽ ውስጥ ብቻ እንዲወድቅ፣ ሁለት ገጾችም እንዳይደራረቡ ማድረግ ነው። የሰፈሮቹን ካርታ ተሳታፊዎች ስለ መመሪያው በሚነጋገሩበት በውይይት ገጹ ላይ አቅርባችሁ ሳትስማሙ አንድም ሆቴል ከቦታው አታንቀሳቅሱ፤ ግማሹ ተዛውሮ ግማሹ የቀረ መመሪያ ካልተነካው የባሰ ነው። የምትጽፉበት ነገር ሳይኖራችሁም ባዶ የሰፈር ገጾችን አትክፈቱ።

ስለ አጻጻፉም አንድ ምሳሌ ላሳያችሁ። «በከተማው እምብርት የሚገኝ፣ ውብና ሊታይ የሚገባው ሙዚየም» የሚለው ዐረፍተ ነገር በዓለም ላይ ላለ ለማንኛውም ሙዚየም ይሆናል። «መግቢያው በሕንፃው ጀርባ ባለው ጠባብ መንገድ በኩል ነው፤ ሰኞ ዝግ ነው፤ አሳንሰር የለውም፤ ሁለተኛው ፎቅ ላይ ያሉት የእጅ ጽሑፎች መግለጫ ስላልተለጠፈባቸው አስጎብኚ መጠየቅ ይሻላል» የሚለው ግን ሄዶ ያየ ሰው የጻፈው መሆኑ ያስታውቃል። ዊኪፒዲያ ላይ ጸሐፊው ራሱ አይቶ የመሰከረው ነገር እንደ ምንጭ አይቆጠርም፤ በጉዞ መመሪያው ላይ ግን የዓይን ምስክርነት የተፈቀደ ብቻ ሳይሆን አጥብቆ የሚፈለግ ነው። የነዋሪ በጎ ፈቃደኞች ብርታትም እዚህ ላይ ነው።

ጥያቄ፦ ከጥቂት ዓመታት በፊት በጥንቃቄ የጻፍናቸው መረጃዎች ዛሬ ግማሾቹ አይሠሩም፤ የተዘጉ ምግብ ቤቶችና የተቀየሩ ስልኮች ሞልተዋል። መረጃውን ወቅታዊ አድርጎ ለማቆየት ምን ዘዴ አለ?

መልስ፦ ከሁሉ በፊት ቶሎ የሚያረጁ ቃላትን አስወግዱ። «በቅርቡ ተከፈተ»፣ «በአሁኑ ጊዜ በጥገና ላይ ነው»፣ «በሚቀጥለው ዓመት ይጠናቀቃል» የሚሉ ሐረጎች አንባቢው መቼ እንደተጻፉ ስለማያውቅ ያሳስቱታል፤ በምትካቸው ዓመቱንና ከተቻለም ወሩን ጻፉ።

በዊኪቮያጅ ላይ የእያንዳንዱን ሆቴል፣ ምግብ ቤት ወይም ሙዚየም መረጃ ማስተካከያ ሰንጠረዥ ስትከፍቱ፣ መረጃው ወቅታዊ መሆኑን የምታረጋግጡበት አንዲት ትንሽ ሳጥን አለች። ምልክት ሲደረግባት የዕለቱ ቀን በመረጃው ጫፍ ላይ ይመዘገባል። ብዙዎች አንድ የፊደል ግድፈት ያርሙና ሳጥኗንም አብረው ይነካሉ፤ ይህ ያልተጣራ መረጃ እንደተጣራ አስመስሎ ማቅረብ ስለሆነ ከስንፍና የከፋ ጉዳት ያደርሳል። ምልክቱን የሚያደርገው በአካል የሄደ፣ የደወለ ወይም የድርጅቱን የራሱን ድረ ገጽ ያየ ሰው ብቻ ይሁን። ስልክ ቁጥሮችም ከውጭ አገር ለሚደውል ሰው እንዲያገለግሉ ከነአገር መለያቸው መጻፍ አለባቸው።

የተዘጋን ቦታ ስታወጡ ምክንያቱን ለውጡን ስታስቀምጡ በሚሞላው አጭር ማስታወሻ (በለውጡ ማጠቃለያ) ላይ አንድ መስመር ጻፉ። ያለዚያ አንድ ቅን ሰው በስሕተት የጠፋ መስሎት ይመልሰዋል።

ጥያቄ፦ የአንድ አነስተኛ ሆቴል ባለቤት ነኝ። ስለ ሆቴሌ ሁለት ጊዜ ጽፌ ሁለቱንም ጊዜ ተሰረዘብኝ። ባለቤት መጻፍ አይችልም ማለት ነው?

መልስ፦ ይችላሉ፤ እንዲያውም ባለቤቶች ትክክለኛ መረጃ እንዲያስገቡ ይበረታታሉ። የተሰረዘው ማስታወቂያ ስለሚመስል ሳይሆን አይቀርም። «ተወዳዳሪ የሌለው መስተንግዷችንን ይቅመሱ» የሚል ዐረፍተ ነገር ጸሐፊው ማን እንደሆነ አስቀድሞ ይናገራል፤ በጎ ፈቃደኞቹም እንዲህ ያለውን ከሩቅ ይለዩታል። «እኛ» እና «የእኛ» የሚሉትን ቃላት፣ «ምርጥ» እና «ልዩ» የሚሉትን ቅጽሎች ያውጡ፤ ሆቴሉን በሚገባው ክፍል ውስጥ አንድ ጊዜ ብቻ ይጻፉ፤ የሚያያይዙት ሊንክም የሆቴሉ የራሱ ድረ ገጽ እንጂ የክፍል ማስያዣ ኩባንያ እንዳይሆን።

ከዚያ በኋላ ባለቤት ብቻ በእርግጠኝነት የሚያውቀውን ይጻፉ፦ እንግዳ መቀበያው ሌሊቱን ሙሉ ክፍት ይሁን አይሁን፣ ስንት ክፍል እንዳለው፣ ሻንጣ ይዞ የሚወጣበት ደረጃ ስንት ፎቅ እንደሆነ፣ ወደ መንገዱ የሚያዩት ክፍሎች ጫጫታ እንዳላቸው። የመጨረሻውን መጻፍ ይከብድዎት ይሆናል፤ ነገር ግን እንዲህ ያለውን የጻፈ ባለቤት የተቀረው ቃሉም ይታመናል።

ጥያቄ፦ አንድን ሰፈር በተመለከተ «አደገኛ ስለሆነ አትሂዱ» ብዬ ጻፍሁ። ሌላ ተሳታፊ «ሰላማዊ ሰፈር ነው» ብሎ ለወጠው። እኔ መለስሁት፤ እርሱም መለሰው። ማን ነው ዳኛው?

መልስ፦ ከሳሽ በሌለበት ዳኛ አይፈለግም፤ ሁለታችሁም መመላለሱን አቁሙና ጉዳዩን ወደ ውይይት ገጹ አምጡት። የሚያስቸኩል ነገር የለም፤ የገጹ የለውጥ ታሪክ እያንዳንዱን ጽሑፍ ስለሚያስቀምጥ የማንም ቃል ጠፍቶ አይቀርም።

በእኔ አስተያየት ሁለቱም ዐረፍተ ነገሮች ለተጓዡ የማይጠቅሙ ናቸው። እርሱ የሚፈልገው ፍርድ ሳይሆን ሊወስደው የሚችለው እርምጃ ነው። «ከጨለማ በኋላ ከባቡር ጣቢያው ወደ ገበያው በሚያሻግረው የእግረኛ ድልድይ ላይ ስልክ መንጠቅ ስለሚያጋጥም በታክሲ መሻገር ይሻላል፤ ቀን ቀን ግን ድልድዩ ሰው የሚበዛበት ነው» ተብሎ ቢጻፍ እርስዎ ያሰቡት ጥንቃቄ ይነገራል፤ የባልንጀራዎም ሰፈር በጅምላ አይኮነንም። ይህም ካላስማማችሁ ከሁለታችሁም ሰፈር ያልሆነ፣ ቢቻል ከተማውን በእንግድነት የጎበኘ ሦስተኛ ሰው አስተያየት እንዲሰጥ ጠይቁ። ውሳኔ የሚሰጠው በመግባባት እንጂ በብዙ ጊዜ በመለወጥ አይደለም።

ጥያቄ፦ ከቱሪዝም ቢሮ በራሪ ጽሑፍ፣ ከዊኪፒዲያና በስልካችን ላይ ካለው ካርታ መረጃ መገልበጥ ይፈቀድልናል?

መልስ፦ ሦስቱ የተለያዩ ናቸው። በራሪ ጽሑፉ በነፃ ስለታደለ የቅጂ መብት የለውም ማለት አይደለም፤ የመክፈቻ ሰዓቱንና አድራሻውን ከእርሱ መውሰድ ትችላላችሁ፤ የአገላለጹን ቃላት ግን በራሳችሁ ዐረፍተ ነገር መተካት አለባችሁ። የዊኪፒዲያ ጽሑፍ ከመመሪያው ጋር በተመሳሳይ የክሬቲቭ ኮመንስ ፈቃድ (ማንም ምንጩን ጠቅሶ እንዲጠቀምበት በሚያስችል የቅጂ መብት ፈቃድ) ስለሚወጣ፣ ከየትኛው ጽሑፍ እንደተወሰደ በለውጡ ማጠቃለያ ላይ ገልጻችሁ መጠቀም ይፈቀዳል፤ ሆኖም የኢንሳይክሎፒዲያ አጻጻፍ ለመንገደኛ የሚመች ባለመሆኑ አልመክረውም። ከንግድ ካርታዎች መገልበጥ ግን ፈጽሞ አይገባም። የዊኪቮያጅ ተንቀሳቃሽ ካርታዎች የተመሠረቱት እ.ኤ.አ. በ2004 በተጀመረውና እርሱም በበጎ ፈቃደኞች በሚሠራው በኦፕንስትሪትማፕ ላይ ነው፤ የጎደለ መንገድ ካገኛችሁ እዚያው ገብታችሁ ራሳችሁ ልትስሉት ትችላላችሁ። ፎቶግራፍ ያነሣችሁ እንደሆነ ደግሞ የነፃ ምስሎች ማከማቻ ወደሆነው ወደ ዊኪሚዲያ ኮመንስ አስገቡት።

ጥያቄ፦ ያለ ክፍያ የምንደክምበት ሥራ ነገ ለአንድ ኩባንያ ቢሸጥና የትርፍ መሣሪያ ቢሆንስ?

መልስ፦ ጥያቄዎ ከባዶ ሥጋት የመነጨ አይደለም፤ በዚሁ መመሪያ ታሪክ ውስጥ የደረሰ ነገር ነውና። እ.ኤ.አ. በ2003 ኢቫን ፕሮድሮሙ እና ሚሼል ጄንኪንስ የተባሉ ሁለት ሰዎች ዊኪትራቭል የተባለውን የጉዞ መመሪያ መሠረቱ። በ2006 ኢንተርኔት ብራንድስ የተባለው ኩባንያ ገዛው። በዚያው ዓመት መጨረሻ የጀርመንኛ ተናጋሪ በጎ ፈቃደኞች ተለይተው ዊኪቮያጅን አቋቋሙ። በ2012 የእንግሊዝኛውና የሌሎች ቋንቋዎች ተሳታፊዎችም ጽሑፉን ይዘው ወደዚያው ለመዛወር ወሰኑ፤ ኩባንያው በሁለት በጎ ፈቃደኞች ላይ ክስ መሥርቶ የነበረ ሲሆን ጉዳዩ በ2013 በስምምነት ተዘጋ። ዊኪቮያጅ ጥር 15 ቀን 2013 (እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር) ዊኪፒዲያን በሚያስተዳድረው በዊኪሚዲያ ፋውንዴሽን ሥር በይፋ ሥራ ጀመረ።

መዛወሩን የቻሉት ጽሑፉ የወጣበት የክሬቲቭ ኮመንስ ፈቃድ ስለፈቀደላቸው ነው። ስሙንና ድረ ገጹን የገዛ ሰው የጽሑፉን ብቸኛ ባለቤትነት አልገዛም፤ የጸሐፊዎቹን አስተዋጽኦ እስከጠቀሰና ያሻሻለውንም በዚያው ፈቃድ እስካወጣ ድረስ ማንም ሊወስደው ይችላል። ይህ ፈቃድ ለንግድም የተፈቀደ በመሆኑ፣ እናንተ የጻፋችሁትን አንድ አሳታሚ አትሞ ቢሸጠው መቃወም እንደማትችሉ ግን አስቀድማችሁ ዕወቁ። ይህ የሚከነክነው ሰው ባይጀምረው ይሻለዋል።

ጥያቄ፦ ያለኝ ስልክ ብቻ ነው፤ ረጅም ጽሑፍ መጻፍም አልችልበትም። በምን ልርዳ?

መልስ፦ ቡድኖች ብዙ ጊዜ ሰው የሚያጡለት ሥራ ለእርስዎ ይመቻል። ከተማው ውስጥ ሲንቀሳቀሱ በየቦታው መግቢያ በር ላይ ይቁሙና ስልክዎ የሚያሳያቸውን ሁለት የመገኛ ቁጥሮች ይመዝግቡ። በእያንዳንዱ ቁጥር ከአሥርዮሽ ነጥቡ በኋላ አራት አኃዝ ከጻፉ ስሕተቱ ከአሥር ሜትር ብዙም አያልፍም፤ ሁለት አኃዝ ብቻ ከሆነ ግን እንግዳውን አንድ ኪሎ ሜትር ያህል ሊያሳስተው ይችላል። የሰሜን–ደቡቡን ቁጥር ከምሥራቅ–ምዕራቡ አስቀድመው ያስገቡ፤ ካስገቡም በኋላ ካርታውን ከፍተው ምልክቱ በትክክለኛው በር ላይ ማረፉን ይመልከቱ። ሁለቱ ቁጥሮች የተቀያየሩበት ሆቴል ባሕር መሀል ቆሞ የሚታይበት ጊዜ ጥቂት አይደለም።