ሞዴሉ በአር፣ አፑ በሌላ ቋንቋ፦ የጠየቃችሁኝን ልመልስ

ባሕር ዳር ዛሬ ዝናብ ነው፤ የትም አልሄድም። ሞዴል (ከመዝገብ ተምሮ የሚገምት ፕሮግራም) በአር፣ ማለትም ለስታቲስቲክስ በሚያገለግለው የኮድ ቋንቋ፣ ተሠርቶ አፑ በሌላ ቋንቋ ሲጻፍ እንዴት እንደሚገናኙ ጠይቁኝ ብዬ ነበር። ጥያቄዎቹን እንደ አመጣጣቸው ልመልስ።

ለአሳ ነጋዴዎች በጃቫ አፕ እየሠራሁ ነው። ነገ ቆሮሶ ይወደድ እንደሆነ የሚገምተው ሞዴል በአር ነው። ቁልፉ በተጫነ ቁጥር የአር ስክሪፕቱን ባስነሳስ?

ይሠራል፣ ግን ይንቀራፈፋል። በየጥሪው አር ይነሳል፣ ፓኬጅ ይጭናል፣ ሞዴሉን ከፋይል ያነባል፣ አንድ ቁጥር ሰጥቶህ ይዘጋል። ለእያንዳንዱ ስኒ ቡና ከሰል እንደ አዲስ ማያያዝ ማለት ነው። አንዴ ከፍተህ ተወው። አርሰርቭ የሚባለው ፕሮግራም ለዚህ የተሠራ ነው፤ በፖርት 6311 (ፖርት ኮምፒውተሩ ጥሪ የሚቀበልበት በር ነው) ሆኖ ጥሪ ይጠብቃል፣ ከጃቫ የሚያገናኝ ላይብረሪም አለው። ፖርቱን ብቻ ለኢንተርኔት እንዳትከፍተው። ሞባይሉም ዌብሳይቱም የሚጠሩት ከሆነ ፕላምበር የሚባለው የአር ፓኬጅ ይሻልሃል፤ የአር ፈንክሽንህን ኤፒአይ፣ ማለትም ሌሎች አፖች በድር አድራሻ የሚጠሩት አገልግሎት፣ ያደርገዋል።

እኔ አፑን የምጽፈው በፓይተን ነው።

አርፓይ2 የሚባለው የፓይተን ላይብረሪ ነው መልሱ። አርን እዚያው ፓይተን ውስጥ ያስገባዋል። አር ከወደቀ ግን ፓይተንህንም ይዞ ነው የሚወድቀው።

በአር ሳየው 0.8 የነበረው ዕድል ከጃቫ ስጠራው 1.39 ይሆንብኛል። ጉድ ነው!

ጉድ የለውም እህቴ። ሎጂስቲክ ሞዴል ነው አይደል? ግምቱን የሚያወጣው የአር ፈንክሽን፣ ፕሬዲክት፣ ካልነገርሽው በስተቀር የሚመልሰው ዕድሉን ሳይሆን ሎግ ኦድሱን ነው፤ ማለትም ዕድሉ ለተቃራኒው ዕድል ተካፍሎ ሎጋሪዝሙ ሲወሰድ የሚገኘውን። የ0.8 ሎግ ኦድስ ደግሞ 1.39 ነው። ፕሬዲክትን ስትጠሪ ታይፑን (type) «ሪስፖንስ» (response) በይው።

የጣናን ከፍታ የሚገምት ሞዴል አለኝ። አር ላይ ልክ ነው፤ ከአፑ ሲጠራ ግን ሐይቁ ሞልቶ ሳለ ጎድሏል ይላል። ግንኙነቱ ይሆን የተበላሸው?

ግንኙነቱ ደህና ይመስለኛል። ወሩን በቁጥር ነው የሚልኩት? ሞዴሉ የተማረበት መዝገብ በእኛ አቆጣጠር ከሆነ 9 ማለት ግንቦት ነው። አፑ ግን 9 ሲል ሴፕቴምበር ማለቱ ነው። ጣና ደግሞ በመስከረምና በጥቅምት ይሞላል፣ በግንቦትና በሰኔ ይጎድላል። ስለዚህ ግምቱ የተገለበጠ ይመጣልዎታል። አር አይጮኽም፤ 9 ሰጡት፣ በ9 አሰላ። እኔም በዚሁ ጉዳይ ሁለት ቀን ሙሉ ኔትወርክ ስበረብር ከርሜያለሁ፤ ሳስበው አሁንም ያናድደኛል።

ወሩን በስሙ ይላኩ፤ «መስከረም» ብለው። ሞዴሉም ወሩን እንደ ፋክተር፣ ማለትም እንደ ቁጥር ሳይሆን እንደ ስም ዝርዝር፣ ይማረው። ያኔ የማያውቀው ስም ከመጣ ስህተት ብሎ ይቆማል እንጂ ዝም ብሎ አያሰላም። ጳጉሜንም አይርሱ፤ ከፈረንጅ ካላንደር 13ኛ ወር አይመጣም።

መብራትና ኢንተርኔት በጠፋ ቁጥር ሰርቨሩን አላገኘውም። ያለ አር አይሆንም?

ተራ ሪግሬሽን ከሆነ ይሆናል፤ ኮኤፊሸንቶቹን (ሞዴሉ ያወጣቸውን ማባዣ ቁጥሮች) ገልብጠህ ስልኩ ላይ ማባዛትና መደመር ነው። ጥቂት መስመር ኮድ ይበቃል። ራንደም ፎረስት (ብዙ የውሳኔ ዛፎችን አጣምሮ የሚገምት ሞዴል) ከሆነ ግን ዛፎቹን በእጅህ አትጻፍ፤ በፒኤምኤምኤል፣ ማለትም ሌላ ቋንቋም ሞዴሉን ሊያነበው በሚችል የፋይል ዓይነት፣ አውጣው። የትኛውንም ብትመርጥ አንድ ሃያ ረድፍ ዳታ በአርም በአፑም አሳልፈህ መልሱን አስተያይ። ባዶ ቦታ ያለበት ረድፍም ጨምርበት፤ ቋንቋዎቹ የማይስማሙት እዚያ ላይ ነው።