ቀጠሮ ቢራዘምም የልጆች ቀለብ አይቆይም

ጥያቄ፦ አዲስ አበባ በሚገኝ የቤተሰብ ችሎት የፍቺ አቤቱታ ካቀረብኩ ወራት አለፉ። አንዴ «ዳኛዋ ተዛውረዋል»፣ ሌላ ጊዜ «መዝገቡ ተመርምሮ አልደረሰም» እየተባለ ቀጠሮ ይለወጣል። ሁለት ልጆች ይዣለሁ፤ ባለቤቴ ወጪ መስጠት አቁሟል። መኪናችንንም ሊሸጥ ነው ይባላል። እስከ ፍርዱ ዝም ብዬ ልጠብቅ?

መልስ፦ አይጠብቁ። ዳኛ ሲዛወር መዝገቡ ለሌላ ዳኛ ይመራል፤ ተተኪው ደግሞ የራሱ መዝገቦች ሳያልቁ የእርስዎን ከመጀመሪያው ገጽ ማንበብ አለበት። ይህን እርስዎ ሊያፋጥኑት አይችሉም። የልጆቹ ጉዳይ ግን የፍቺውን ውሳኔ የሚጠብቅ አይደለም። የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ (አዋጅ ቁጥር 213/1992) አንቀጽ 82 ፍርድ ቤቱ የፍቺ አቤቱታ እንደደረሰው ስለ ተጋቢዎቹ መተዳደሪያ፣ ስለ ልጆች አጠባበቅና ቀለብ፣ ስለ ንብረት አስተዳደር ወዲያውኑ ትእዛዝ እንዲሰጥ ያዛል። ብዙ ባለጉዳይ ይህን ሳይጠይቅ ወራት ያልፉበታል፤ እጅግ የሚያሳዝነንም ይኸው ነው።

አዲስ መዝገብ መክፈት አያስፈልግም። በዚያው የመዝገብ ቁጥር የጊዜያዊ ትእዛዝ አቤቱታ በቃለ መሐላ አስደግፈው ለሬጅስትራር (ለፍርድ ቤቱ መዝገብ ቤት) ያስገቡ። «ተገቢው ቀለብ ይወሰንልኝ» ብቻ ብለው አይጻፉ፤ ቁጥር የሌለው ጥያቄ ማስረጃ ይቅረብበት ተብሎ ለሌላ ቀጠሮ ይዳርጋል። የቤት ኪራይ፣ ምግብ፣ የትምህርት ቤት ክፍያ፣ ሕክምና እያሉ የወሩን ወጪ በብር ይዘርዝሩ። የልጆቹን የልደት ምስክር ወረቀት፣ ደረሰኞችንና የኪራይ ውሉን ያያይዙ። ባለቤትዎ ተቀጣሪ ከሆኑ መሥሪያ ቤታቸው ደመወዛቸውን እንዲገልጽ፣ ቀለቡም በየወሩ ተቀንሶ በባንክ ሒሳብዎ እንዲገባ በዚያው ወረቀት ይጠይቁ።

መኪናውን በተመለከተ፣ ከ500 ብር በላይ የሚያወጣ የጋራ ተንቀሳቃሽ ንብረት ያለ ሁለታችሁ ስምምነት አይሸጥም (አንቀጽ 68)። ተሽጦ ከተገኘ ሽያጩ እንዲፈርስ መጠየቅ የሚቻለው ባወቁ በስድስት ወር ውስጥ፣ ቢበዛ ደግሞ ውሉ በተደረገ በሁለት ዓመት ውስጥ ነው። ቀድሞ ማሳገድ ይሻላል። የሊብሬውን ቅጂና የሰሌዳ ቁጥሩን አያይዘው እግድ ይጠይቁ። የእግዱ ደብዳቤ መኪናው የተመዘገበበት መሥሪያ ቤት መድረሱን ራስዎ ሄደው ያረጋግጡ፤ ገቢ የተደረገበትን ቅጂም ይያዙ። መዝገብ ውስጥ የቀረ እግድ ሽያጭ አያስቆምም።

«ዛሬ ዳኛ የለም» ቢባልም ከቀጠሮ አይቅሩ። እርስዎ ቀርተው ባለቤትዎ ከቀረቡ መዝገቡ ሊዘጋ ይችላል፤ ለማስከፈት ያለዎት ጊዜ አንድ ወር ነው፣ በቂ ምክንያትም ማስረዳት ይኖርብዎታል። አዲሱን ቀን ከሬጅስትራር ጠይቀው ይጻፉ።

ይህ አዋጅ የሚሠራው በአዲስ አበባና በድሬዳዋ ነው። በክልል የምትኖሩ አንባቢዎች የክልላችሁን የቤተሰብ ሕግ ተመልከቱ።