ከቤተ መቅደስ ወደ መድረክ፦ ስለ ሕንድ ውዝዋዜ ለጠየቃችሁኝ

ስለ ሕንድ ውዝዋዜ የደረሱኝን ጥያቄዎች ዛሬ በአንድ ላይ እመልሳለሁ። ዓመታቱ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ጥያቄ፦ የሕንድ ክላሲካል ውዝዋዜዎች ስንት ናቸው?

መልስ፦ እንደ ቆጣሪው ነው። የአገሪቱ የሙዚቃ፣ የውዝዋዜና የትያትር አካዳሚ ስምንት ይላል፦ የታሚል ናዱ ባራታናቲያም፣ የሰሜኑ ካታክ፣ የኬረላዎቹ ካታካሊና ሞሂኒያታም፣ የአንድራ ፕራዴሽ ኩቺፑዲ፣ የኦዲሻ ኦዲሲ፣ የማኒፑር ማኒፑሪ፣ የአሳም ሳትሪያ። ሳትሪያ የክላሲካልነት ማዕረጉን ያገኘው በ2000 ነው። የባህል ሚኒስቴሩ ደግሞ ቻው የተባለውን ውዝዋዜ ጨምሮ ዘጠኝ ያደርሳቸዋል። ማዕረጉን የሚሰጠው መሥሪያ ቤት ስለሆነ ከዝርዝሩ የቀረውን ሁሉ አትናቁ።

ጥያቄ፦ ባራታናቲያም 2,000 ዓመት ሳይለወጥ ቆየ የሚባለው እውነት ነው?

መልስ፦ ግማሹ እውነት ነው። የእጅና የፊት ምልክቶችን የሚዘረዝረው ናትያ ሻስትራ የተባለው ድርሳን ዕድሜው ወደ 2,000 ዓመት ይጠጋል። ዛሬ የምናየው ትርኢት ግን በ1930ዎቹ እንደገና የተሰናዳ ነው። ቀድሞ ሳዲር ይባል ነበር፤ ባለሙያዎቹም ለቤተ መቅደስ የተሰጡ፣ ዴቫዳሲ የሚባሉ ሴቶች ነበሩ። በቅኝ ግዛት ዘመን የሥነ ምግባር ተቆርቋሪዎች ከሴተኛ አዳሪ ጋር ደመሯቸው፤ በ1947 በደቡብ ሕንዷ የማድራስ ግዛት የወጣ ሕግ ልጃገረዶችን ለቤተ መቅደስ መስጠትን ከለከለ።

በዚህ መሀል ከብራህሚን፣ ማለትም ከሂንዱ የካህናት መደብ ቤተሰብ የተወለዱት ሩክሚኒ ዴቪ በ1935 በአደባባይ ተወዛወዙ፤ በ1936 ካላክሼትራ የተባለውን ትምህርት ቤት መሠረቱ። አልባሳቱን ቀየሩ፤ የፍቅሩን ስሜት ቀንሰው መንፈሳዊነቱን አጎሉ። ከዴቫዳሲ ቤተሰብ የወጡት ታላቋ ባላሳራስዋቲ ግን ፍቅሩ ራሱ የውዝዋዜው ነፍስ ነው ብለው ተከራከሩ። እኔ ለባላሳራስዋቲ አደላለሁ። ሙያው ሲከበር፣ ለዘመናት ጠብቀው ያቆዩት ሴቶች ተገፍተዋልና።

ጥያቄ፦ የካታካሊ ተዋናዮች ዓይን ለምን ይቀላል? ሕመም ነው?

መልስ፦ ሆን ብለው ነው የሚያቀሉት። ከትርኢቱ በፊት ትንሽ የተክል ዘር ከዓይን ቆባቸው ሥር ያስገባሉ። ተዋናዩ አንዲት ቃል አይተነፍስም፤ ግጥሙን ዘፋኞች ከኋላው ሲያዜሙ እሱ በዓይኑና በእጁ ይተርካል። አረንጓዴ በተቀባ ፊት ላይ ቀይ ዓይን ከሩቅ ይታያል። ፊት መቀባቱ ብቻ ሰዓታት ይፈጃል፤ በልማዱ ትርኢቱም ሌሊቱን ሙሉ ይዘልቃል።

ጥያቄ፦ ለወንድሜ ሠርግ የሚሆን ቀላል የሕንድ ጭፈራ ይጠቁሙኝ።

መልስ፦ ባንግራ። የፑንጃብ ገበሬዎች የመከር ጭፈራ ነው፤ ድሆል በሚባል ከበሮ ይደምቃል፤ ትከሻም ይጠይቃል፤ እስክስታ የለመደ ሰው አይቸገርም።

ጥያቄ፦ ሕንድ ውስጥ ሐበሾች አሉ ይባላል። ውዝዋዜያቸው የእኛ ነው?

መልስ፦ ሲዲ የሚባሉ አፍሪካዊ ዝርያ ያላቸው ሕዝቦች በጉጃራትና በካርናታካ ይኖራሉ። ከኢትዮጵያ በባርነት ተወስዶ በሕንድ የነበረውን የአህመድናጋርን መንግሥት በእንደራሴነት እስከ መምራት የደረሰው ማሊክ አምበርም እውነተኛ ታሪክ ነው፤ በ1626 ሞተ። ዳማል የተባለው የጉጃራቶቹ ሲዲዎች ውዝዋዜ ግን ባባ ጎር ለተባሉት ሙስሊም ቅዱስ ክብር የሚደረግ ነው፤ ኮኮናት ወደ ላይ ወርውረው በራስ ቅላቸው ይሰብሩበታል። የብዙዎቹ ቅድመ አያቶች የመጡት ከምሥራቅ አፍሪካ ጠረፍ ስለሆነ፣ እስክስታን እዚያ ለመፈለግ አትድከሙ።