አያትና የልጅ ልጅ አብረው የሚያዩት ፊልም

ጥያቄ፦ አባቴ ከቢቸና ገጠር መጥተው ደብረ ማርቆስ እኔ ዘንድ ሰንብተዋል። ልጆቼ ማታ የአሜሪካ አክሽን ሲከፍቱ አባዬ ወዲያው ያንቀላፋሉ። የህንድ ፊልም ሲሆን ግን እስኪያልቅ ነቅተው ያያሉ፤ እንባቸውም ይመጣል። ያኔ ደግሞ ልጆቹ «ዘፈኑን አሳልፊው» እያሉ ያስቸግሩኛል። ሁሉንም የሚይዝ ፊልም እንዴት ልምረጥ?
እናት፣ ከደብረ ማርቆስ

መልስ፦ እህታችን፣ አባትዎ ፊልም የማይገባቸው፣ ልጆችዎም ትዕግሥት የሌላቸው እንዳይመስልዎት። ሁሉም የሚያየው ኑሮው ባስለመደው ዓይን ነው።

እ.ኤ.አ. በ1957 የተሠራውን «ማዘር ኢንዲያ»ን ይውሰዱ። ባሏ ጥሏት የሄደ የገበሬ ሚስት የአራጣ አበዳሪ ዕዳ ተጭኗት፣ በሬ ስታጣ ራሷ ማረሻውን ትጎትታለች። መሬት ጦም ማደሩ ምን ማለት እንደሆነ ለቢቸና ገበሬ የሚያስረዳ አያስፈልግም፤ በሬው ሲሞት የዓመቱ ቀለብ አብሮ እንደሄደ ገብቷቸዋል። ለከተማ ልጅ ግን የሞተው አንድ እንስሳ ነው። በአንጻሩ የአክሽኑ አክተር ብቅ ሲል ልጆቹ የሚጮኹት ቀደም ያሉትን ክፍሎች ስላዩ ነው። አባዬ የሚያዩት የማያውቁትን ሰው ነው።

ፍጥነቱም አለ። እ.ኤ.አ. ከ1930 እስከ 1960 በተሠሩት አብዛኞቹ የሆሊውድ ፊልሞች አንድ ምስል ሳይቆረጥ በአማካይ ከ8 እስከ 11 ሰከንድ ይቆይ ነበር፤ በ1990ዎቹ መጨረሻ ከ3 እስከ 6 ሰከንድ ወረደ። በዚህ ፍጥነት ያላደገ ሰው አንዱን ፊት ለይቶ ሳይጨርስ ሌላው ይመጣበታል። በዚያ ላይ ቅኔ ሲዘረፍ፣ አዝማሪ ግጥም ሲቀበል እየሰማ ያደገ፣ «ፍቅር እስከ መቃብር»ን በወጋየሁ ንጋቱ ድምፅ በራዲዮ የተከታተለ ሰው ፊልምንም መጀመሪያ የሚይዘው በጆሮው ነው። ንግግሩ ካልገባው ምስሉ ብቻውን አያቆየውም። ስለዚህ በእንግሊዝኛ ሰብታይትል አይሞክሩ፤ ወይ አማርኛ፣ ወይ ትርጉም ፊልም ይሁን።

ሲመርጡ «ምን ዓይነት ፊልም ይወዳሉ?» ብለው አይጠይቋቸው። «የከፈታችሁት ይሁን» ነው የሚሏችሁ፤ ይሉኝታ ነው። ይልቅ ካዩት ፊልም ውስጥ ማን እንዳናደዳቸው ይጠይቁ፤ ልጆቹንም እንዲሁ። መልሳቸው የሚገጥምበት ቦታ አይጠፋም፦ የከዳ ወንድም፣ የተነጠቀ ርስት፣ የፈረሰ ቃል። ከዚያ ፊልሙን ቀድመው ለብቻዎ ይክፈቱና የመጀመሪያዎቹን 15 ደቂቃዎች ድምፁን አጥፍተው ይዩት። ማን ከማን ምን እንደሚፈልግ ከምስሉ ብቻ ከለዩ፣ አማርኛው ሲጨመርበት አባዬም ይከተሉታል። ፀቡ ወይም ሩጫው በነዚሁ ደቂቃዎች ውስጥ ካልጀመረ ደግሞ ልጆቹ ስልካቸውን ያነሳሉ።

ማታ 3 ሰዓት ላይ የተከፈተ የህንድ ፊልም እኩለ ሌሊት ይደርሳል፤ ጎህ ሳይቀድ የሚነሳ ሰው ቢያንቀላፋ አይፈረድበትም። 1 ሰዓት ላይ ይጀምሩ። አብዛኛው የህንድ ፊልም መሐሉ ላይ ዕረፍት ስላለው እዚያ ላይ አቁመው ቀሪውን ለነገ ማሳደር ይቻላል። ዘፈኑን ግን አያሳልፉት፤ ብዙ ጊዜ ልጅ የሚያድገው፣ ዓመታት የሚያልፉት በዘፈኑ ውስጥ ነው፣ ከዘለሉት ታሪኩ ይበጠሳል። ይህን ለልጆቹ ይንገሯቸው። አንደኛው አያቱ አጠገብ ተቀምጦ መጀመሪያ ላይ «ይኼ የዚያኛው ወንድም ነው» እያለ ዝምድናውን ያስይዛቸው። ፍንዳታው እየጮኸ ንግግሩ ከሳሳ ደግሞ የቴሌቪዥኑን የድምፅ ሴቲንግ ከሰራውንድ ወደ ስቴሪዮ ይቀይሩት።

ጥያቄ፦ ባሕር ዳር ውስጥ የተማሪዎች የፊልም ክበብ አለን። «የምትወዱትን ፊልም ጻፉ» ብለን ፎርም ስንበትን ሁሉም ተሸላሚ ፊልም ይጽፋል፤ ስናሳየው ግን አዳራሹ ባዶ ነው። ምን እናድርግ?

መልስ፦ ጥያቄያችሁ ሰው መምሰል የሚፈልገውን ነው የሚያወጣው። ፎርሙ ላይ ስም አታስጽፉ፤ ሦስት ነገር ብቻ ጠይቁ፦ በቅርቡ እስከ መጨረሻው ያየኸው የትኛውን ነው? ደግመህ ያየኸውስ? ጀምረህ የተውከውስ፣ የት ላይ? ሦስተኛው ከሁሉም ይጠቅማችኋል፣ ምክንያቱም ቋንቋው ይሁን ርዝመቱ ወይም ነውር የሚባለው ትዕይንት ያሸሸውን ይነግራችኋል። «በምን ቋንቋ ነው ያየኸው?» የሚለውንም ጨምሩበት። በ2008 ዓ.ም. የጀመረው ቃና ቴሌቪዥን የቱርክ ድራማን በአማርኛ ድምፅ ስላቀረበ ስንት ቤት እንደገባ አትርሱ።

ጥያቄ፦ የህንድ ፊልም ስለምወድ ጓደኞቼ «ፋራ» ይሉኛል። የገጠር ልጅ ስለሆንኩ ይሆን?
ከቡሬ

መልስ፦ በከፊል ሊሆን ይችላል፤ የሚያሳፍር ግን አይደለም። አስተዳደግ የትኛው ፊልም ቶሎ እንደሚገባህ ይወስናል እንጂ የቱን እንደምትወድ ሙሉ በሙሉ አይወስንም፤ በአንድ ቤት ያደጉ ወንድማማቾችም ይለያያሉ። ጓደኞችህ የሚወዱትን አንድ ፊልም ከእነሱ ጋር ተቀምጠህ እይ፣ ያልገባህ ቦታ ላይ ጠይቃቸው። በሌላ ቀን ደግሞ አንተ የምትወደውን፣ ከዘፈኑ ሳትቆርጥ፣ አሳያቸው።