ሒሳብ ካልሆነልኝ ማሰብም አልችልም ማለት ነው?

ጥያቄ፦ በሶሲዮሎጂ ተመርቄ አራት ኪሎ አብርሆት ቤተ መጻሕፍት እየተቀመጥኩ ለባንክ ቅጥር ፈተና እዘጋጃለሁ። ባለፈው የጣለኝ የቁጥሩ ክፍል ነው። ጓደኛዬ «ሒሳብ የማይችል ሰው ሪዝኒንግም (አመዛዝኖ ማሰብም) አይሆንለትም፤ ተዪው» አለኝ። ልተወው?

መልስ፦ እህቴ፣ አትተዪው። ሒሳብና ሪዝኒንግ መዛመዱን ይዛመዳሉ፤ አንድ ግን አይደሉም።

እንግሊዛዊው የሥነ ልቦና ተመራማሪ ፒተር ዋሰን እ.ኤ.አ. በ1966 ያስተዋወቀው ጥያቄ አለ። አራት ካርዶች ተደርድረዋል፤ እያንዳንዱ በአንድ ፊቱ የእንግሊዝኛ ፊደል፣ በሌላው ቁጥር አለው። የሚታየው ኤ፣ ኬ፣ 4 እና 7 ነው እንበል። ደንቡ «በአንድ ፊቱ አናባቢ ካለ በሌላው ተጋማሽ ቁጥር ይኖራል» ይላል። ደንቡ መጣሱን ለማወቅ የትኞቹን ትገለብጫለሽ? ብዙ ሰው ኤ እና 4 ይላል። መልሱ ኤ እና 7 ነው፤ ከ7 ጀርባ አናባቢ ከተገኘ ደንቡ ተጥሷል፣ ከ4 ጀርባ ግን ምንም ቢገኝ አይጣስም። የተማረውም ይስታል።

አሁን ፒያሳ አንድ ግሮሰሪ ግቢ። ከ21 ዓመት በታች ለሆነ ሰው አልኮል መሸጥ በሕግ ክልክል ነው። አንዱ ቢራ ይዟል፣ አንዱ አምቦ ውሃ። የሁለቱን ዕድሜ አታውቂም። ሌላው 40 ዓመቱ ነው፣ ሌላው 17፤ የእነሱ ብርጭቆ አይታይሽም። ሕጉ መጣሱን ለማወቅ የባለቢራውን መታወቂያና የ17 ዓመቱን ብርጭቆ እንደምታዪ ማንም ሊነግርሽ አያስፈልግም። ጥያቄው ግን ያው የካርዶቹ ነው! ቁጥርና ምልክት ሲደረደር የሚጠፋብሽ ማሰቡ ላይሆን ይችላል። ፍሬሽማን ላይ የሎጂክና ክሪቲካል ቲንኪንግ ኮርስ ስንት አመጣሽ? ጥሩ ከሆነ እሱም አንድ ምልክት ነው።

እንግዲህ አንድ የልምምድ ፈተና ያለ ሰዓት ሥሪ። የሳትሽው እያንዳንዱ ጥያቄ ጎን ለምን እንደሳትሽው ጻፊ። ለምሳሌ 1000 ብር የነበረ ጫማ 20 ፐርሰንት ጨመረ፤ ከዚያ 20 ፐርሰንት ቀነሰ። «ያው 1000» ካልሽ የጎደለሽ ስሌት አይደለም፤ «የስንቱ 20 ፐርሰንት?» ብለሽ አልጠየቅሽም። መልሱ 960 ነው። ቅናሹ ከ1200 እንደሚሰላ ገብቶሽ ማባዛቱ ላይ ከተንገዳገድሽ ግን የ7ኛና 8ኛ ክፍል መጽሐፍ አውጪ። የሚያሳፍር ነገር የለውም። ፐርሰንት፣ ሬሾና አማካይ ላይ አተኩሪ፤ ሌላውን ለጊዜው እለፊው።

ያለ ሰዓት ሁሉንም ከመለስሽ ደግሞ ችግርሽ ፍጥነት ብቻ ነው፤ ሰዓት ይዘሽ መለማመድ ያኔ ጀምሪ።