ሞስኮ ለምትሄዱ ልጆች

ባለፈው ሰሞን ስኮላርሺፕ ያገኘ አንድ ልጅ «ጋሼ፣ የሞስኮን ብርድ እንዴት ቻሉት?» አለኝ። ስለ ካፖርትና ስለ ቦት ጫማ መለስኩለት። ቤቴ ስገባ ግን መልሴ ራሴን አልዋጥልህ አለኝ። እውነቱን ለመናገር ብርዱን አልቻልነውም፤ ተደብቀን ነው ያሳለፍነው።

የተማርኩት ቲሚርያዜቭ የግብርና አካዳሚ ነው። አጠገቡ ቦልሾይ ሳዶቪ የሚባል ትልቅ ኩሬ አለ። ብርዱ ሲጠና ኩሬው በረዶ ይሆናል። ያኔ ሽማግሌዎች የእንጨት ሳጥናቸውን ተሸክመው ይመጡና በረዶውን በስተው ዓሣ ለማጥመድ መሃሉ ላይ ቁጭ ይላሉ። እኛ ሐበሾቹ «እነዚህ ሰዎች ጤነኛ ናቸው?» እያልን ወደ ዶርማችን፣ ወደ ሻያችንና ወደ ካሴታችን እንሮጣለን።

የመጨረሻ ዓመቴ ላይ፣ የካቲት 1978 ዓ.ም.፣ አንዱ ሽማግሌ በእጅ ጠሩኝ። ክንዳቸውን ሳያማቸው አልቀረም፤ መሰርሰሪያውን አስያዙኝ። ላዩን በአንድ እጅ ተጭነህ በሌላው የምታዞረው ረጅም ብረት ነው። በረዶው ወፍራም ነበር፤ በካፖርት ውስጥ አላበኝ። ድንገት ብረቱ ወደ ታች ሸሸና ውሃው ቡልቅ አለ። በቀዳዳ ጭልፋ ስብርባሪውን ጠረጉ። ከጉያቸው ትንሽ ቆርቆሮ አወጡ፤ ክር የሚያክል ቀይ ትል ሞልቶበታል። ብርዱ እንዳይገድለው በገላቸው ሙቀት ነው የሚያቆዩት። ጓንታቸውን አውልቀው አንዱን መንጠቆው ላይ ሰኩት። ዘንጉ ከሁለት ስንዝር አያልፍም። ጫፉ ላይ ያለችው ቀጭን ሽቦ ነቅነቅ ስትል መሳብ ነው።

የሶቭየቱ መሪ ጎርባቾቭ መጠጥ ላይ ከዘመቱ ገና ዓመት አልሞላም። ቴርሞሱ ውስጥ ያለው ሻይ ነው አሉኝ። ሻይ ብቻ አለመሆኑ የገባኝ ከጠጣሁ በኋላ ነው።

የያዝናት ዓሣ ከመዳፍ ታንሳለች። ሮታን ይሏታል፣ ጭንቅላት ብቻ ናት። የዝዋይ ቆሮሶ ለለመደ ሰው መሳቂያ ነች። ግን ኦክስጅን ባጠረበት ኩሬ ሌላው ዓሣ ሲያልቅ እሷ ትተርፋለች። ውሃ ከሁሉ የሚከብደው በ4 ዲግሪ ስለሆነ ከሥር በረዶ እንደማይሆን፣ አዲስ በረዶ ሲከመርበት ደግሞ ብርሃን ጠፍቶ ኦክስጅኑ እንደሚመናመን ተፈትኜ አልፌበታለሁ። እሳቸው ያለ ፎርሙላ በአምስት ደቂቃ አስረዱኝ።

ሩሲያኛዬ የተፈታው እዚያ ነው፤ ስድቡም ጭምር። የሚቆጨኝ ያን ሁሉ ዓመት በአጠገባቸው ማለፌ ነው።

እናንተ ደግሞ ከኛ ትብሳላችሁ። እግራችሁ ሞስኮ፣ ልባችሁ ቴሌግራም ላይ ነው የሚውለው። ግን ብዙም አልፈርድባችሁም። ያ የሐበሾች ሻይ ባይኖር ኖሮ እኔም ትምህርቴን ጥዬ እመለስ ነበር ይሆናል።

ስለ ልብስ እናቶቻችሁ ይነግሯችኋል። እንደ ሽማግሌዎቹ ኩሬ ላይ ለማጥመድ ካሰባችሁ ግን በረዶው 10 ሴንቲ ሳይሞላ አትውጡበት፣ ብቻችሁንም አትሂዱ። በመጋቢት መጨረሻ ወፍራም ቢመስልም ውስጡ ላልቷል። ቀዩን ትል የዓሣ ማጥመጃ ሱቅ ታገኙታላችሁ። የዶርም ፍሪጅ ውስጥ የምታስቀምጡት ከሆነ ግን ጓደኞቻችሁን አስቀድማችሁ አስጠንቅቁ።