ሃብ ላይ ሲሰካ እየገባ እየወጣ የሚያስቸግር ነገር፦ ጥያቄና መልስ

እንዴት ሰነበታችሁ? ጎንደር ፒያሳ አካባቢ ላፕቶፕ እጠግናለሁ። ሰሞኑን ደንበኛ ይዞት የሚመጣው ችግር አንድ ዓይነት ሆኗል። ላፕቶፑ ያለው ሁለት ወይም ሦስት የዩኤስቢ ቀዳዳ ብቻ ነው። ሰውየው ሃብ (አንዱን የዩኤስቢ ቀዳዳ ወደ ብዙ የሚያበዛ መሣሪያ) ይገዛል። ከዚያ የሰካው ሁሉ ይቆራረጥበታል። ብዙዎች "ተቃጥሏል" ብለው ሃቡን ይጥሉታል። ደህና ሃርድ ዲስክ ፎርማት ያደረጉም፣ ማለትም ያለበትን ሁሉ ያጠፉም አጋጥመውኛል፤ የሚያንገበግበኝ እሱ ነው። ስለዚህ ጥያቄ ያላችሁ ላኩልኝ አልኩ። ላካችሁ፤ እነሆ መልሱ።

ጥያቄ፦ የማራኪ ግቢ ተማሪ ነኝ። የመመረቂያ ጽሑፌ ያለው ኤክስተርናል ሃርድ ዲስክ ላይ ነው። ማውዝና ኪቦርድ ካሉበት ሃብ ላይ ስሰካው ይገባል፣ ወዲያው ይጠፋል፣ ደግሞ ይገባል። አንዳንዴ "ፎርማት ይደረግ?" የሚል መልእክት ይመጣል። ሃርዱ ሞቶ ይሆን?

መልስ፦ ወንድሜ፣ ያንን መልእክት በፍጹም እሺ እንዳትለው። ሰርዘውና ሃርዱን ከሃቡ ንቀለው። ከዚያ ሌላ ምንም ሳትሰካ በቀጥታ ላፕቶፑ ላይ ሰካው። ከተነበበልህ መጀመሪያ ጽሑፉን ገልብጥ። ምርመራው ከዚያ በኋላ ይደርሳል።

ብዙ ጊዜ ሃርዱ አልሞተም፤ ኃይል አንሶት ነው። የዩኤስቢ 2 ቀዳዳ በደንቡ የሚሰጠው እስከ 500 ሚሊአምፒር ነው። ዩኤስቢ 3 ደግሞ እስከ 900። የራሱ ቻርጀር የሌለው ሃብ ይችኑ ተቀብሎ ነው ለሁሉም የሚያካፍለው። በዩኤስቢ 2 ደንብ እንዲህ ያለው ሃብ ለአንዱ ቀዳዳ የሚደርሰው 100 ሚሊአምፒር ብቻ ነው። ለማውዝና ለኪቦርድ ይበቃል። ሃርድ ዲስክ ግን ውስጡ የሚሽከረከር ሳህን አለው። ሳህኑን ከቆመበት ለማስነሳት ብዙ ኃይል ይፈልጋል። ከአንድ መስመር አራት ቧንቧ በአንዴ ሲከፈት ውሃው እንደሚቀጥነው ነው። ሃርዱ ይነሳል፣ ጉልበት ያጥረዋል፣ ይቆማል፣ እንደገና ይሞክራል። ጆሮህን ብታስጠጋ "ዝዝዝ" ብሎ ተነስቶ "ቲክ" ብሎ ሲቆም ትሰማዋለህ።

ይህ ድምፅ በቀጥታ ላፕቶፑ ላይ ሰክተኸውም ከቀጠለ ነገሩ ሌላ ነው። ደጋግመህ አትሞክር። ንቀለውና ዳታ ማውጣት ለሚችል ባለሙያ አሳየው።

ጥያቄ፦ ፎቶ ቤት አለን። የሰርግ ፎቶ ከሚሞሪ ካርድ ስንገለብጥ መሃል ላይ ይቋረጣል። ሃቡ የራሱ ቻርጀር ስላለው የኃይል ችግር አይመስለንም።

መልስ፦ መጀመሪያ ቻርጀሩ ላይ የተጻፈውን አንብቡ። 5 ቮልት ይላል፤ ከጎኑስ ስንት አምፒር ይላል? ሰባት ቀዳዳ ላለው ሃብ 1 አምፒር ከሆነ ሁሉም ሲሞላ አይበቃውም። ቻርጀር ስትቀይሩ አምፒሩ ቢበልጥ ችግር የለውም፤ ቮልቱ ግን ያው መሆን አለበት። ጫፉ ስለገባ ብቻ የ12 ቮልት እንዳትሰኩ።

እሱ ደህና ከሆነ ገመዱን እዩ። በቅርቡ አንድ የፎቶ ቤት ልጅ ይህንኑ ችግር ይዞ መጣ። ፍላሽ ሰክቼ የማይጠቅም ፋይል እየገለበጥኩ፣ ገመዱን ሃቡ ውስጥ ከሚገባበት አንገቱ ጀምሬ በጣቴ ቀስ እያልኩ አጠፍኩት። ሁለት ጣት ያህል ስሄድ መብራቷ ድርግም አለች፤ ግልበጣውም ቆመ። ላስቲኩ ከላይ ሲታይ ምንም የለውም። ውስጥ ያለው ሽቦ ግን ተበጥሷል። ልጁ በየቀኑ ገመዱን ሃቡ ላይ ጥብቅ አድርጎ ጠምጥሞ ነበር ቦርሳ ውስጥ የሚከተው።

አንድ አደራ ልበላችሁ። ከካርድ ስትወስዱ "ከት" ሳይሆን "ኮፒ" አድርጉ። ገልብጣችሁ፣ ፎቶዎቹን ከፍታችሁ አይታችሁ፣ ካርዱን ከዚያ በኋላ አጽዱ። ሰርግ ተመልሶ አይነሳም።

ጥያቄ፦ መምህር ነኝ። ላፕቶፔ በቻርጀር ሲሠራ ሃቡ ሰላም ነው። በባትሪ ሲሆን ግን ትንሽ ቆይቶ ማውዙ ቀጥ ይላል። ነቅዬ ስሰካው ይነሳል።

መልስ፦ መምህር፣ የእርስዎ ሃብ ጤነኛ ይመስለኛል። ዊንዶውስ ባትሪ ለመቆጠብ ሲል የዩኤስቢውን ኃይል እየዘጋው ነው። ዲቫይስ ማኔጀርን ይክፈቱ። ከታች የዩኤስቢ ኮንትሮለሮች ዝርዝር አለ። እዚያ ውስጥ "ዩኤስቢ ሩት ሃብ" የሚለውን ሁለት ጊዜ ይጫኑና "ፓወር ማኔጅመንት" ውስጥ ይግቡ። ኮምፒውተሩ ኃይል ለመቆጠብ መሣሪያውን እንዲያጠፋ የሚፈቅድ ምልክት ያገኛሉ፤ እሱን ያንሱት። "ጄነሪክ ዩኤስቢ ሃብ" የሚል ካለም እንደዚሁ። አንዳንድ አዳዲስ ላፕቶፕ ላይ ይህ ገጽ አይታይም። ያኔ ኮንትሮል ፓናል ገብተው ከፓወር ኦፕሽንስ "ዩኤስቢ ሰሌክቲቭ ሰስፔንድ"ን ይፈልጉና ለባትሪ ያጥፉት። ባትሪው ትንሽ ቶሎ ሊያልቅ ይችላል፤ ክፍል ውስጥ ማውዝ ከሚከዳዎት ግን ይሻላል።

ጥያቄ፦ እዚህ መብራት እንደምታውቀው ነው። መብራት ሲጠፋ ላፕቶፑ በባትሪ ይቀጥላል፤ ሃቡ ላይ ያለው ሃርድ ግን ይጠፋል። ይጎዳዋል?

መልስ፦ አዎ፣ ሊጎዳው ይችላል። ቻርጀር ያለው ሃብ መብራት ሲሄድ አብሮ ይሄዳል። በዚያች ቅጽበት እየተጻፈ የነበረ ፋይል ሊበላሽ ይችላል። እኔ ራሴ ስሠራ ሃርድ ዲስክን ሁልጊዜ በቀጥታ ላፕቶፑ ላይ ነው የምሰካው። ማውዝ፣ ኪቦርድና ፕሪንተር ሃቡ ላይ ይሁኑ። መብራት ሲሄድ የሃቡን ቻርጀር ከሶኬቱ ንቀሉት፤ ሲመለስም ትንሽ እስኪረጋ ጠብቃችሁ ሰኩት።

ጥያቄ፦ ሽቦ አልባ ማውዜ ደህና ይሠራል። ፍላሽ አጠገቡ ስሰካ ግን ቀስቱ ይዘላል፣ ይንቀረፈፋል።

መልስ፦ ፍላሹ ዩኤስቢ 3 ነው አይደል? ዩኤስቢ 3 ሲሠራ በ2.4 ጊጋኸርዝ አካባቢ የሬዲዮ ረብሻ ያወጣል። የማውዝሽ መቀበያም የሚሠራው እዚያው ላይ ነው። መቀበያዋን ከላፕቶፑ ሌላኛው ጎን ሰኪያት፤ ወይም በአጭር ማራዘሚያ ገመድ ራቅ አድርጊያት። ዋይፋይም በዚሁ ምክንያት ሊደክም ይችላል።

ጥያቄ፦ የታይፕ ሲ ሃብ አለኝ። ቻርጀሩን በሃቡ በኩል ስሰካ ሁሉም ነገር ለቅጽበት ይጠፋና ይመለሳል።

መልስ፦ ላፕቶፑና ሃቡ ኃይል ሰጪው ማን እንደሆነ እንደገና ሲነጋገሩ የሚሆን ነው። መጀመሪያ ቻርጀሩን ስካ፣ ከዚያ ፍላሽና ሃርድህን። ፋይል እየተገለበጠ ቻርጀሩን አትንካ።

ጥያቄ፦ ሃብ ላይ ሌላ ሃብ መሰካት ይቻላል?

መልስ፦ በደንቡ እስከ አምስት ይቻላል። ቻርጀር የሌላቸው ከሆኑ ግን ሁለቱም አይረቡም።

ጥያቄ፦ ቀዳዳው ላልቷል። አዘዞ መንገድ ዳር ስለምሠራ አቧራው ብዙ ነው።

መልስ፦ ላፕቶፑን አጥፋ። በእንጨት የጥርስ መፋቂያ አቧራውን በቀስታ አውጣ። መርፌ አትጠቀም። በአፍህም አትንፋ፤ ምራቅ ይገባል። አሁንም ከተወዛወዘ ቀዳዳው መቀየር አለበት፤ ላላ ብሎ እየነካካ ሲሠራ ሌላውንም ያበላሻል።

ጥያቄ፦ የማራኪው ተማሪ ነኝ። በቀጥታ ስሰካው ሠራ! ጽሑፌን ላፕቶፑ ላይ ገልብጫለሁ። አሁን ቻርጀር ያለው ሃብ ልግዛ?

መልስ፦ እሰይ! ግዛ፤ ግን ሱቁ ውስጥ እያለህ ሃርድህን ሰክተህ አሥር ደቂቃ ያህል ፋይል ገልብጥበት። ካልተቆራረጠ ውሰደው። ከዚያ በፊት ግን ጽሑፉን አንድ ፍላሽ ላይም አድርግና ለጓደኛህ ስጠው። ላፕቶፑና ሃርዱ የሚዞሩት አንድ ቦርሳ ውስጥ ነው አይደል?